እትዬ የዓለምዘርፍ ያልፈቀዱት ቁፋሮ

በዚህች አገር መንገድ የሌለው ሰፈር አለ፤ መብራት የሌለው፣ ውሃ የሌለውማ ሞልቷል። «ምነው፣ እኔ ሳልጠየቅ?» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። ካለም ሰው ገና አልሰፈረበትም ማለት ነው።

ይህ ሰው ሹመት የለውም። ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ነገር ግን አጥር ሲታጠር፣ ቦይ ሲቀደድ፣ የመብራት ምሰሶ ሲተከል ቀድሟችሁ ደርሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አይከለክልም። አይቆጣም። ዝም ብሎ ያያል። ዝምታው ሲከብዳችሁ ዞር ትሉና «ቅር ያለዎት ነገር አለ እንዴ?» ትላላችሁ። በቃ፣ አለቀላችሁ። ጠየቃችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳይፈቅድላችሁ ወንዝ አትሻገሩም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ የሚኖረውን አልጠራውም፤ ጋዜጣ ያነባል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ወገን ሁሉ እመቤት፣ ስለ ክብርት እትዬ የዓለምዘርፍ ነው። «ክብርት» ያልኩት ለፌዝ ብቻ አይደለም። እትዬ የዓለምዘርፍ በቀበሌው የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመት ዳኛ ነበሩ። ከወንበሩ ከወረዱ ቆይተዋል፤ ወንበሩ ግን ከእርሳቸው አልወረደም። የሚኖሩት ከአምበር ወጣ ብላ በምትገኝ ወይራ ስር በምትባል ጎጥ ነው። እዚያ ዶሮ ጎረቤት ጓሮ ገብታ ብትጭር እንኳ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ቤት አየት የምታደርግ ይመስለኛል።

እኔን ከእርሳቸው ጋር ያገናኘን የሸክላ ስባሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይራ ስር ውስጥ አንድ ጉብታ አለ። ክረምት ባለፈ ቁጥር ከላዩ አሮጌ ገል ታጥቦ ይወጣል፤ የተጠረበ ድንጋይ ጫፉን ብቅ ያደርጋል። ዶክተር ፀደንያ የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ይህን አየችና እንቅልፍ አጣች። ለመቆፈር ፈቃድ ጠየቀች። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን መጥታ «በአካባቢው ከሰው ጋር የሚግባባ ሰው ትጠቁሙኝ?» ስትል የመምህራን ክፍሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ታሪክ ስለማስተምር አልነበረም፤ ወሬ ስለምወድ ነው። በዚሁ የቁፋሮው የማኅበረሰብ ግንኙነት አስተባባሪ ሆኜ ተሾምኩ።

መሬት መቆፈር ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ገበሬው በየዓመቱ ይገለብጠዋል፤ የመንገድ ሥራ ማሽን በአንድ ጠዋት ኮረብታ ያነሣል፤ የስልክ መስመር ዘርጊዎች ሰፈራችንን እንደ ፍልፈል ቆፍረውት ሄደዋል። ለታሪክ ብላችሁ አንዲት ጉድጓድ ልቆፍር ስትሉ ግን ያኔ መንግሥት እንዳለ ታውቃላችሁ። ማን ነሽ? የት ተማርሽ? ካርታሽ የታለ? የሚወጣው ዕቃ የት ይቀመጣል? ጉድጓዱን በምን ትደፍኚዋለሽ? ገና ያልቆፈራችሁትን ጉድጓድ እንዴት እንደምትደፍኑት አስቀድማችሁ ትጽፋላችሁ። እውነታቸውን ነው፤ ቅርስ አንዴ ከቦታው ከተነሣ ወደ ነበረበት አይመለስም። ብቻ ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በየደረሰበት ማኅተም እየደረበ፣ ግልባጭ እየወለደ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቤተሰብ ሆኖ ነበር።

ፈቃዱ በዶክተር ፀደንያ ስም ነው። የሚያገለግለው ለአንድ በጋ ብቻ ነው፤ ሳይቆፈርበት ካለፈ እንደገና ከማመልከቻ መጀመር ነው። አንድ በጋ በማመልከት፣ አንድ በጋ በመጠበቅ አልፎባታል። ጉብታው ደግሞ አይጠብቃትም። የወይራ ስር ሰው አጥር ባስፈለገው ቁጥር ድንጋይ የሚያነሣው ከእርሱ ነው።

ጥር ሲጋመስ ሄድን። ዶክተር ፀደንያ፣ ተማሪዎቿ፣ እኔ፣ እና ከአዲስ አበባ የተመደቡልን ተቆጣጣሪ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። ተቆጣጣሪ ማለት ቁፋሮው ከፈቃዱ እንዳይወጣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ኮፍያቸውን የማያወልቁ፣ ረጋ ያሉ፣ ለሁሉ ነገር «የተጻፈው ነው» የሚል መልስ ያላቸው ሰው ናቸው። ሻይ ስኳር ይጨመርልዎ ወይ ብትሏቸውም ያው ነው።

ጉብታው ላይ ስንደርስ እትዬ የዓለምዘርፍ ቆመዋል። እጃቸው ወደ ኋላ ተጣምሯል።

«ደህና አደራችሁ» አሉ።

«እግዜር ይመስገን፤ እርስዎስ ደህና አደሩ?» አልን።

ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ይህን ዝምታ ከሰፈሬ አውቀዋለሁና አፌን ዘጋሁ። ዶክተር ፀደንያ ግን ከእኔ ይልቅ የዋህ ናት። «እትዬ፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?» አለች።

«እኔማ ምን ቅር ይለኛል ልጄ። መንገድ አላፊ ነኝ» አሉ። በዚያ በኩል መንገድ የለም። «ብቻ ተጠይቋል ወይ ብዬ ነው።»

«አዎ፣ ፈቃድ አለን» አለችና ደብዳቤዎቹን ዘረጋችላቸው።

እትዬ ተቀብለው አንድ በአንድ ገለጧቸው። «ይሄ የአዲስ አበባ ነው። ይሄ የባሕር ዳር። ይሄ የማርቆስ። ይሄ የአምበር። ይሄ ደግሞ የቀበሌያችን፤ ሊቀ መንበራችን ፊርማው ከልጅነቱ እንዲህ ነው፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል።» አጥፈው መለሱላት። «ወይራ ስርስ?»

«ምን አሉኝ?»

«ጉብታው ያለው ወይራ ስር ነው። አዲስ አበባ ተጠይቃለች፣ ደግ ነው። ወይራ ስር ተጠይቃለች?»

የመሬቱ ባለይዞታ አያ ድረስ፣ የእትዬ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ነው። ከኋላችን ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ፈርሜያለሁ እኮ እትዬ።»

«ፈርመሃል። ማንን ጠይቀህ?»

አያ ድረስ የጠረገውን ጉሮሮ መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ ለሥራ የተመዘገበ አንድ ሰው አልመጣም። የአንዱ ላም ታማለች፤ ሌላው ለቅሶ ሄዷል፤ ሌላው ለቅሶ የሄደውን ሊፈልግ ሄዷል። ማንም እምቢ አላለም፤ እትዬም አትሂዱ አላሉም። የተባለው «ገና አልተጠየቀም» ብቻ ነው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ የቀኑን ዘገባ ሊጽፉ ተቀምጠው «ሠራተኛ አልተገኘም» ከማለት ሌላ ቃል አጡ። ዶክተር ፀደንያ ወደ እኔ መጣች። «አንተ አስተባባሪ አይደለህ? አስተባብር እንጂ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ተቀመጠ። እትዬ መሐል። እኛ ተከሳሾቹ ከፊት።

መጀመሪያ የጠየቀችው ጥሩነሽ ናት። ወደ ምንጩ የምትወርድበት መንገዷ ከጉብታው ሥር ያልፋል፤ አፏም ከመንገዷ አይጠብም። «ወርቅ ቢወጣስ?» አለች።

«ማንኛውም ግኝት የሕዝብ ቅርስ ነው» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። «ተመዝግቦ ይሄዳል።»

«የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ እዚህ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው?»

ተሳቀ። ዶክተር ፀደንያ ብድግ አለች። ወርቅ አልፈልግም፣ የምፈልገው ገል ነው አለች። ሳቁ ባሰ። እትዬ የዓለምዘርፍ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙና በእናት ድምፅ «ልጄ፣ ገል ከሆነ ከጓሮዬ ልስጥሽ፤ ያለ ማኅተም» አሏት።

ዶክተር ፀደንያ ግን አልተበሳጨችም። ከገሉ ማን እንደኖረ፣ ከየት አገር ሰው ጋር እንደተገበያየ፣ ከተጣበቀው ጥቀርሻ ምን ይቀቅል እንደነበር እንደሚታወቅ አስረዳች። ሰው ቀስ እያለ ወደ ፊት ተጠጋ። ጥሩነሽ ግን ተጨነቀች። «እንዲህ ከሆነማ እኔ የጣልኩትን ድስት አግኝተው፣ የዛሬ ሺህ ዓመት ‹ወጥ የሚያርባት ሴት› ሊሉኝ ነው።»

«አሁንም እንልሻለን» አሉ እትዬ። ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ዞሩ። «በየትኛው ቀን ነው የምትቆፍሩት?»

«ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ» አለች ዶክተር ፀደንያ።

ሰዉ ተያየ። እትዬ የዓለምዘርፍ ጣታቸውን አነሡ። «ቅዳሜም ሰንበት ነው። በአምስት አቦ ነው። በሰባት ሥላሴ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል። ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ገብርኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ፣ መድኃኔዓለም አለ፣ ባለወልድ አለ። በእነዚህ ቀን ወይራ ስር ውስጥ መሬት አይሰበርም። አንድ ሰው ደፍሮ ቢያርስ በረዶ የሚወርደው በእርሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም። እኔስ ምን አጠፋሁ ቢሉት በረዶ አይሰማም።»

ማርቆስ ተወልጄ አድጌ፣ ይህን ልማድ እያወቅሁ፣ ለዶክተሯ አስቀድሜ አለመናገሬ እዚያው ትዝ አለኝ። የሥራ ሰሌዳው የተዘጋጀው በከተማ መሥሪያ ቤት ቀን ነው፤ ከተማ ውስጥ ሚካኤል የሚከበረው ቤተ ክርስቲያን ተስሞ፣ ከዚያ ቢሮ ተገብቶ ነው። ዶክተር ፀደንያ በጣቷ ቆጠረች፣ ፊቷም ከጣቷ ጋር አብሮ ታጠፈ።

«እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ ፈቃዱ እጄ ላይ ያልቃል» አለች። «ያለቀ ፈቃድ አይቀጠልም። እንደገና እስካገኝ ደግሞ ጉብታው…» ዓይኗ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊት ለፊት ባለ አጥር ላይ አረፈ። የተጠረበ ድንጋይ ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን አጥር አስቦ መሬት መሬት አየ።

እትዬ የዓለምዘርፍ «ዕቃሽን አምጪው» አሉ።

ዕቃው መጣና እንደ ኤግዚቢት ተደረደረ። ቄሰ ገበዙም ተጠርተው ከጎናቸው ተቀመጡ።

«ይሄ ዶማ ነው። ምስክር አያስፈልገውም» አሉ እትዬ፤ ወደ ግራ አኖሩት። አካፋውም ተከተለ። «ይሄስ?»

«ወንፊት ነው። የወጣውን አፈር የምንነፋበት።»

«በሚካኤል ዱቄት እንነፋ የለም እንዴ አባ?»

«እንነፋለን» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ጥንቃቄ ባለው ድምፅ።

ወንፊቱ ወደ ቀኝ ሄደ። ብሩሹም ቤት ከመጥረግ ተለይቶ ስላልታየ ወደ ቀኝ ሄደ። ግንበኛ ስሚንቶ የሚለስንባት ዓይነት ትንሿ ብረት ስትመጣ ግን ችሎቱ ተከፈለ። አያ ድረስ «ይቺ እኮ ማንኪያ ናት» አለ። ጥሩነሽ «ማንኪያም ቢሆን አፈር እየበላ ነው» አለች። ቄሰ ገበዙ ብረቷን ገልብጠው አይተው፣ በታላላቆቹ በዓላት ከዶማ ጋር፣ በተረፉት ከብሩሽ ጋር ትቆጠር አሉ። እትዬም ፍርዱን ጠቅልለው ሰጡ፦ «በበዓል መሬት አይሰበርም። በሥራ ቀን የተሰበረው አፈር ግን መሬትነቱ ቀርቷል፤ ዕቃ ሆኗል። ዕቃ መንፋት፣ ማጠብ፣ መጥረግ፣ መሣል ይቻላል። የሥራ ቀን ሲሆን ደግሞ እንደ ደቦ ወጥተን እንቆፍርላታለን።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጃቸውን አወጡ። «ፈቃዱ ላይ ስለ በዓል የተጻፈ ነገር የለም።»

«ካልተጻፈስ ይከለክላል?»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ፈቃዱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «አይከለክልም» አሉ፤ ኮፍያቸውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወልቁ አየን። መላጣ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልበላችሁ። በሥራ ቀን ወይራ ስር በሙሉ እየዘፈነ ይቆፍራል፤ ተማሪዎቹ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» እያሉ ይለምናሉ። በበዓል ቀን ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ አፈሩ ክምር ዙሪያ ተቀምጦ ይነፋል። የአካባቢው ወሬ በሙሉ ከአፈሩ ጋር በወንፊቱ ይነፋል፤ ገሉም የወሬው ፍሬም ከላይ ይቀራል። እኔ የበዓል ቀን ቀርቼ አላውቅም።

እትዬም አልቀሩም። በየቀኑ ማለዳ ከአቶ ዘመንፈስቅዱስ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ጉድጓዱን ግራና ቀኝ ይዘው ይጠብቁታል። የአፈሩ ክምር ጥሩነሽ መንገድ ላይ ሊፈስ ሲል፣ «ተጠይቋል?» ድንኳኑ ወደ ምሥራቅ አንድ እርምጃ ሲገፋ፣ «ተጠይቋል?» የሚያስል ተማሪ ሲያዩ ምርመራ አድርገው ወደ ማርቆስ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። አንድ ቀን የመኪናችን ሾፌር ለሽንት ከጉብታው ጀርባ ዞር ሲል ከወዲያ በኩል የእርሳቸው ድምፅ ሲመጣ ሰማሁ። ሾፌሩ ሳይሸና ተመለሰ። ማታም ሽንቱን እንደያዘ ማርቆስ ገባ።

መጋቢት ሲያልቅ ግድግዳው ወጣ።

ድንጋዩ በሚያምር ሁኔታ ተጠርቦ፣ ተያይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ የጉድጓዳችንን ወሰን የምታሳየው ገመድ ሥር ሲደርስ ከእይታ ይሰወራል። ከገመዷ ወዲያ የእትዬ የዓለምዘርፍ የጤፍ ማሳ ነው። ዶክተር ፀደንያ ገመዷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ በር ተቆልፎባት የቀረች ሰው መሰለች። «ማዕዘኑ እዚያ ውስጥ ነው» አለች። «ማዕዘኑ ካልታየ ቤት ይሁን ቅጥር አይታወቅም። ምንም መጻፍ አልችልም።»

ወንፊቱ ቆመ። እትዬ የዓለምዘርፍ ከድንጋያቸው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በጋውን ሙሉ የጠበቅነው ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«እንግዲህ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ።

ዶክተር ፀደንያ ዓይኗ በራ። አያ ድረስ ዶማ አነሣ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ «አይቻልም እትዬ» አሉ።

«ምን አልክ?»

«ፈቃዱ የሚለው የአያ ድረስን ይዞታ ነው። ካርታው እስከዚህ ገመድ ነው።»

«መሬቱ የኔ ነው።»

«የእርስዎ ነው።»

«እኔ ደግሞ ፈቀድኩ።»

«የእርስዎ ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል እትዬ። ግን ብቻውን አይበቃም።»

አያ ድረስ ያነሣውን ዶማ መልሶ አስቀመጠ። ይህችን ነገር በሕይወታቸው ማንም ተናግሯቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ማዕበል ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ገመዷን ቆመው አዩ፤ ቀጭን የግንበኛ ገመድ ናት፣ ሕፃን ይበጥሳታል። ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ «ታዲያ ማን ነው የሚጠየቀው?» አሉ።

በዚያው ሳምንት እትዬ የዓለምዘርፍን ይዤ ማርቆስ ገባሁ። ዶክተር ፀደንያ ከክረምቱ በፊት የምትጨርሰው ሥራ ስለነበራት ሸኚው እኔው አስተባባሪው ነኝ። ፈቃዳችን ያለፈበት ቢሮ ደረስን፤ ማርቲ የምትባል ትሑት ልጅ ተቀበለችን። «እናቴ፣ አመልካች ነዎት ወይስ ምስክር?»

እትዬ የዓለምዘርፍ ወደ እኔ አዩ። ዳኛ ነኝ ማለት አምሯቸው እንደነበር እምላለሁ። «አመልካች» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡን። እጃቸው ወደ ኋላ አልነበረም፤ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ደግነቱ ብዙ አልቆየም። ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ያለውን ሰው «አንተ ከዚህች ልጅ በኋላ አይደለም የመጣኸው?» አሉት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የኮሪደሩ ሰልፍ በሙሉ በእርሳቸው እጅ ነበር፤ ማርቲም ቀጥሎ ማን እንደሚገባ የምትጠይቀው እርሳቸውን ሆነ።

ተራችን ሲደርስ ነገሩን ሰማን። ወሰን መጨመር ለሚቀጥለው በጋ በአዲስ ማመልከቻ ነው። ፋይሉ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ታይቶ ይወርዳል። ከዚያ ማርቲ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋ «ይሄን ማንም አላዘዘኝም፤ ግን እናቴ፣ ማሳው እስከዚያ ባይታረስ ነው የሚሻለው። ግድግዳው ቅርብ ከሆነ ማረሻ ያናጋዋል» አለች።

«ጤፍ ነው የምዘራበት።»

«አውቃለሁ። አላስገድድዎትም።»

ወደ አምበር በሚኒባስ ተመለስን። ከአሽከርካሪው ኋላ ያለው ሙዚቃ እንኳ ሲጮህ ማን እንደፈቀደ አልጠየቁም።

ክረምት ገባ፣ ፈቃዱ አበቃ። ዶክተር ፀደንያ ግድግዳውን በሸራና በአሸዋ ሸፍና ጉድጓዱን በጻፈችው መሠረት ደፈነችው። ሐምሌ ላይ ወይራ ስር ሁሉ ጤፍ ሲዘራ የእትዬ ማሳ ብቻውን ሣር ለብሶ ቀረ። ጥሩነሽ ዝም ትላለች ብላችሁ እንዳትጠብቁ። «የዓለምዘርፍ ዘንድሮ ድንጋይ ዘርታለች፤ መቼ ይሆን የሚበቅለው?» ስትል በምንጩ መንገድ የሄደ ሁሉ ሰምቷል።

«ይበቅላል» አሏት እትዬ። «አጨዳ ስትመጪ ብቻ ማጭድሽን ቤትሽ ትተሽ፣ ብሩሽ ይዘሽ ነይ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ያ ማሳ ከሁሉም መሬታቸው የሚያበላቸው ነው። ማመልከቻው እምቢ ከተባለ አንድ ዓመት ሙሉ ለሣር ገበሩ ማለት ነው።

በየማለዳው ስልኬ ይጮህ ጀመር። «መምህር፣ ምን ደረሰ?»

«ባሕር ዳር ደርሷል እትዬ።»

«የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?»

«እሱን አላውቅም።»

«ሳታውቅ ቁርስህን በላህ?»

የደብዳቤውን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል። አንዳንድ ቀን የሚደውሉት ሌላ ነገር ሊጠይቁ ነው፤ የባለቤቴ የሂዊ ጉንፋን እንዴት ነው፣ የልጄ ፈተና አለቀ ወይ። መጨረሻው ግን ያው ማመልከቻው ነው። እኔም ለሂዊ አማርር ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። ሰዓቴን አየሁ፣ ስልኩን አየሁ፣ ከቤት ወጥቼ ኔትወርኩን አየሁ። ሂዊ ከኋላዬ መጥታ «ለምን አንተ አትደውልላቸውም?» አለችኝ። «እንቁላሉ ቀዘቀዘ እኮ።» ደወልኩ። ቻርጅ አልቆባቸው ኖሯል። ደህና ናቸው። እንቁላሉን በላሁ።

ደብዳቤው ኅዳር ላይ መጣ። ማርቲ ራሷ ደውላ ነገረችኝ። ዶክተር ፀደንያ በስልክ ስትሰማ አለቀሰች፤ «በል ቶሎ ደውልላቸው» አለችኝ። አልደወልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ፊታቸውን ማየት አለብኝ ብዬ ግልባጩን ኪሴ ከትቼ፣ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አምበር ወረድኩ።

የወይራ ስር ጤፍ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። እትዬ የዓለምዘርፍ ከሣሩ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን አነበቡ። «ይዞታነቱ የወይዘሮ የዓለምዘርፍ የሆነው ማሳ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና አነበቡት። ፊታቸውን አየሁ። ለዚያ ፊት ከማርቆስ በእግሬም እመጣ ነበር።

ፈቅጃለሁ የምትለዋን ቃል ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። «ተነሥ» አሉኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሰው ልጠይቅ ነዋ።»

«እትዬ፣ ፈቃዱ መጣ። መሬቱ የእርስዎ ነው። የሚጠየቅ ማን ቀረ?»

ፈተና የወደቀ ተማሪ የሚታይበትን አስተያየት አዩኝ። «ጎርፉ የሚወርደው ወደ ድረስ ማሳ ነው። አፈሩ የሚከመረው በጥሩነሽ በኩል ነው። የአማረ ከብቶች ይሄንን ሣር ለምደውታል፤ ወዴት ሊሄዱ ነው? እኔ ብቻዬን ማን ነኝና?»

ከቤት ወደ ቤት ሄድን። በገባንበት ሁሉ መደብ ላይ ተቀምጠን፣ የቀረበውን ቀምሰን፣ ደብዳቤው ከቁጥሩ እስከ ግልባጩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንባቢው እኔ ነኝ። እርሳቸው ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ምን ትላላችሁ?» ይላሉ። አያ ድረስ ተደናግጦ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሌላ ሰው እንዳለ አየ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ተጠይቆ አያውቅም መሰል። ከዚያ ተመቻችቶ ተቀመጠና ስለ ጎርፉ ብዙ ተናገረ፤ እሺ ያለን ሁሉንም ተናግሮ ሲጨርስ ነው። አያ አማረ ስለ ከብቶቹ ሲናገር ራሱ ሣሩን የሚበላ ይመስል ነበር፤ እርሱም እሺ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥሩነሽ ቤት ደረስን። ጥሩነሽ ደብዳቤውን ሰምታ፣ እንደገና አስነብባ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

«አውድማዬ ከማሳሽ ሥር ነው» አለች። «ጤፌ ገና አልተወቃም። አፈር ስታቦኑ ጤፌ ውስጥ ቢገባ ማን ነው የሚለቅምልኝ? ዶክተሯ በብሩሽ ትጠርግልኛለች?»

«እውነትሽን ነው» አሉ እትዬ የዓለምዘርፍ፣ በደስታ። «መቼ ትወቂያለሽ?»

«አስቤ እነግርሻለሁ።»

«አስቢ። እንጠብቅሻለን።» ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

ከአምበር በኩል ወደ ማርቆስ የሚነሣው የመጨረሻ ሚኒባስ ጡሩንባውን ሲነፋ ሰማሁ። እግሬን ዘረጋሁ። ጥሩነሽ ገና አልፈቀደችም።